የእናት ወንበር መብራት

ና እስቲ ክንዱ ልጄ፣ መሰላሉን እዚያው ዛፉ ላይ ደገፍ አድርገውና ከጥላው ግባ። ፀሐዩ ዛሬ ምን ነክቶታል? ገና በጥዋቱ እንዲህ ካደረገ ቀትር ላይ ሐይቁም ሳይፈላ አይቀርም። እናትህ ደህና ሰነበተች? ለጉልበቷ ጠበል ወስደሃታል ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታችሁ ደረጃ ይበዛዋል፣ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። እሷ ደግሞ ልጆቼ ካሉበት ወዴት ልሂድ ብላ አትነቃነቅም አሉ። አይ እናትህ… ድሮም የዋህ ናት። ለስላሳ ይምጣልህ? ጠላውን እንዳላስቀዳልህ መሰላል ላይ ትወጣለህ፣ ለእሁድ ደግሞ መብራት ሰቃይ በደህናው ያስፈልገናል።

ቀስ ብለን እናውራ። እንግዳችን ከውሃው ዳር ተቀምጠዋል፣ የሚያዩትም ስልካቸውን ነው። ነፋሱም ከእኛ ወደ እሳቸው ነው የሚነፍሰው መሰለኝ። ምን ቸገረኝ፣ ክፉ ነገር አልናገር። «እሳቸው» ስል ገረመህ አይደል? በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ቤት ሳሉ «አንቺ» ነበር የምላቸው። ሰው ግን ሲርቅ ይከበራል። በጣም የራቀ ደግሞ… በጣም ይከበራል።

ሙሽራችን ሥርጉት የእሳቸውና የወንድሜ የገድሉ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ ዘንድ አደገች። እንዴት እንዳደገች አላወራህም፤ ልጅ ካበሉት ያድጋል፣ ምን ወሬ አለው? እሳቸው አዲስ አበባ ሌላ ትዳር ቀናቸው። ትዳር ዕድል ነው፣ ሕፃን ታቅፈህ አትጠብቀውም። ክፉ ሰዎች ታዲያ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉ ነበር። እኔ እንደዚያ አልልም። አስተዋይ ሰው የብብቱን የሚጥለው ከታች ተቀባይ መኖሩን አይቶ ነው። የእኔ እጅ ደግሞ ባዶ ነበር፣ እግዜር ልጅ አልሰጠኝም። እንዲያውም ውለታ ነው የዋሉልኝ። አንድም ቀን አመስግኛቸው አላውቅም፣ ይኸ የእኔ ነውር ነው።

እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባል የለ? እሳቸው ሁልጊዜ ወርቅ ናቸው። ልጅቷ ስትመረቅ መጡ፣ አብረዋት ፎቶ ተነሡ፣ ወርቅ እንደሆኑ ተመለሱ። ባንክ ስትቀጠርም እንዲሁ። መቼ መምጣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ መቼ መሄድ እንዳለበት እንደሳቸው የሚያውቅ ግን አላየሁም። እኛ መሄጃ ያጣነው እቤት ተቀምጠን ዛግን።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ዛፎቹ ላይ ያንጠለጠልኻቸው ትንንሽ ቢጫ አምፖሎች ደስ ይላሉ፣ እጅህ ይባረክ። ያንን ቀለሙን የሚቀያይረውን ግን ከሙሽሮቹ አርቀው። አስማማው ልጁን ሲድር አይተነው የለም? ሙሽራይቱ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ስትሆን አማቷ «ልጅቱ አሟታል እንዴ?» እያለች ስትጠይቀኝ አመሸች። ጄኔሬተሩንም ከድንኳኑ ጀርባ አታስጠጋው፣ መራቂ ሽማግሌዎቹ ከሞተር ጋር ሲጯጯሁ እንዳያመሹ።

ደግሞ መብራቱ የእንግዳችን ስጦታ ነውና ነጭ ፓውዛ ይደረግ ብለዋል አሉ። አራቱንም ወደ ሐይቁ አዙሮ? … ያምራል እንጂ፣ ለምን አያምርም። ውሃው ሲያብለጨልጭ ከጀርባቸው ይታያል፣ ለፎቶ ነው። እሳቸው ብርሃን ያውቃሉ። ያው እኛ የውሃ ዳር ሰዎች የምናውቀው ትንኝ ብቻ ነው። የጎረቤታችን የራሂማ ልጅ ናኢማ ስትዳር ወንድሟ ኢብራሂም እንዲሁ ነጭ ፓውዛ ከዚህ ዳር ተከለና፣ የጣና ትንኝ እስከ ማዶው ደልጊ ያለው ተጠራርቶ መጣልህ። ሩዙ ላይ ጥቁር አዝሙድ የነሰነሱበት መስሎን በላነው። ራሂማ እስከ ዛሬ ሩዝ ባየች ቁጥር እኔን አይታ ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ዳር ነጭ መብራት ያበራ ሰው የለም፣ ሁሉም ቢጫ ነው።

እሳቸውም እኮ እዚሁ ውሃ ዳር ኖረዋል… ግን ይረሳል። ሰው አይደሉ? ትንኝ ቢረሱ ምን ይደንቃል፣ ከትንኝ የሚበልጥም ይረሳል። አንተ ቢጫውን ስቀል። ቅር ካላቸው እኔን አመካኝ፣ አሮጊቷ አስቸገረችኝ በል።

ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ከሙሽሮቹ በስተቀኝ፣ ከላይ ለብቻው የሚያበራ አንድ መብራት ቦታ ይዘህለታል። … የእናት ወንበር? አሃ። ደግ ነው። ወንበሩ አንድ ነው? … አንድ ነው እንጂ፣ እናት ስንት ናት? ዘጠኝ ወር ተሸክመዋል፣ ዘጠኝ ወር ቀላል ነው እንዴ? እኔ የተሸከምሁት ከዚያ የተረፈውን ነው። የመሪጌታ ልጅ ነኝና ወንጌሉን አውቀዋለሁ፤ መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖር የለም፣ በመቅረዝ ላይ ያኖረዋል እንጂ ይላል። እሳቸው ቃሉን ፈጽመውታል። ብቻ መቅረዙ ላይ ራሳቸው ወጡበት።

እኔ ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ቦታ አለኝ። እዚያ አምፖል አለ? አንዲት ካለች ትበቃለች። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉ ነበር አባቶች። ያኔ ሰርገኛው ቢዘገይም በርበሬ ለመቀንጠስ ይደርስ ነበር መሰለኝ። አሁን በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ፣ ወጡም በስሎ ካለቀ በኋላ «ጨው አነሰው» የሚል ይመጣል። አልቀየምም፣ ጨው ቀማሽም ያስፈልጋል። ከቆጋ መስኖ የመጣው ድንች ገና አልተላጠም፣ እሱን ግን ማንም አልቀመሰውም።

ብቻ ጉልበት መሳም ሲመጣ… ልጅ ከቤት ስትወጣ የወላጅ ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። መብራት ያረፈበት ጉልበት ይሳማል፣ ወጥ ቤት ያለ ጉልበት በማን ይታያል? ለመሳምም የእሳቸው ይሻላል፣ ለስላሳ ነው። የእኔ እሷ በታመመች ቁጥር ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ሻክሯል፣ የሙሽራ ከንፈር ይቧጭራል።

ለአንተ ምን እደብቅሃለሁ ክንዱ፣ ከፍቶኛል። እንደማይከፋው ሰው እየሳቅሁ ነው የከረምሁ፣ ግን ከፍቶኛል። ያለችኝ እሷ ናት። እሁድ ትሄዳለች፣ መሄዷ ደስታዬ ነው፣ ራሴ ነኝ የዳርኋት። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየ ከአንድ ወንበር ሥር ብቻ ጎንበስ ብላ ተነሥታ ከሄደችብኝ እኔ በምን ፊት ወደ ቤት እገባለሁ? … ኤጭ፣ ተወው። በሰርግ ሰሞን ሆድ መባስ አያምርም።

ሌላ ምን ቀረ? የሙሽራይቱ አገባብ። … ምን አልህ? መብራቱ ሁሉ ይጠፋል? ድርግም? ሙሽራውም ፊት ሄዶ ይጠብቃታል፣ እሷ ብቻዋን በጨለማ ትቆምና ከዚያ አንድ መብራት ይከተላታል? … ልጅቷስ ሰምታለች? … አልሰማችም፣ ሰርፕራይዝ ነው። አሃ። ቆይ፣ ቁጭ ልበል።

ልጅቷ ጨለማ ትፈራለች እኮ ክንዱ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ባንክ ቤት ጠረጴዛ ይዛ አሁንም ትፈራለች። አትጮህም፣ አታለቅስም። መብራት ሲሄድ ዝም ብላ ከአጠገቧ ያለውን ሰው ጆሮ ትይዛለች። ይኸን ግራ ጆሮዬን እየው፣ ከቀኙ አይረዝምም? ጉትቻ መስሎህ ነው ያስረዘመው? ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ በአንድ እጄ ጧፍ ይዤ፣ ጆሮዬን እሷ ይዛኝ፣ ወጥ አማስል ነበር። ቀና ማለት አልችልም፣ ቁመቷ እስኪደርስልኝ አንገቴን አዘንብዬ ነው የኖርሁ።

ጨለማውን መፍራት የጀመረችው ስትወለድ አይደለም። ጆሮ ይዞ መተኛቱ ግን ከድሮም የነበረባት ነው፣ ከማን እንደለመደችው እኔ አልጠየቅሁም። አንድ ጥዋት ገና ሳይነጋ ትነቃና የያዘችውን ጆሮ ብትዳስስ፣ ብትዳስስ… የለም። ከዚያ ወዲህ ነው። ዓመቱ ጠፍቶኛል፣ እርጅና ነው። እሳቸው ያስታውሱት ይሆናል፣ ሻንጣ የሚያዘጋጁበት ሰሞን ነበር።

አሁን እሳቸው ጨለማ ባይፈሩላት ይፈረድባቸዋል? አጠገብህ ያላደረ ሰው ምን እንደሚያባንነው በምን ታውቃለህ? ፍሬ ስብሐት፣ ሙሽራው፣ ትናንት የመጣ ልጅ ነው። እሱ ታዲያ ቤታችን ራት እየበላን መብራት ቢሄድ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ጆሮውን አዘንብሎ ሰጣት። ማንም አልነገረው። ያኔ ነው «ይኸ ልጅ ይሆናታል» ያልሁ። የቄስ ልጅ ነው፣ ግን ቅስናው አይደለም ያስተማረው፣ አጠገቧ መሆኑ ነው።

ስለዚህ አታጥፋው… አይ፣ እኔ አላዝም። መብራቱን የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው፣ በሰው ስጦታ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ሂድና በትሕትና «ልጅዎ ጨለማ ላይ እንዴት ናት?» ብለህ ጠይቃቸው። ደህና ናት ካሉህ አጥፋው፣ እናት ተናግራ እኔ ማን ነኝ። አላውቅም ካሉህ ግን… አይሉህም። ሲያውቁ እንጂ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም።

ካጠፋኸውም ግድ የለም። ወጡን ለሴቶቹ ትቼ በሩ ላይ፣ ከጎኗ እቆምላታለሁ። እጇን ስትዘረጋ ጆሮዬ እዚያው ይጠብቃታል። ታዲያ መብራቱን ስታበራው ያ ሁሉ እንግዳ፣ ያ ሁሉ ፎቶ አንሺ፣ ሙሽራ በነጭ ቀሚስ፣ ሽርጥ ያገለደመች አሮጊት ጆሮ ይዛ ቆማ ቢያይ የእኔ ጥፋት አይደለም። ለቪዲዮውም ላይከፋ ይችላል። ሰው «ማን ናት ይቺ ሴት?» ሲል የሚመልሱለት እንግዳችን ናቸው፣ ወንበራቸው ላይ በደንብ ይታያሉ።

ምነው ዓይንህ ወደ ውሃው ሄደ? … ስልካቸውን አስቀመጡት? ደግ ነው፣ ዓይናቸውን ያሳርፉ። ኧረ ተነሡ። ወደዚህ እየመጡ ነው፣ ጨርቁን ከወንበሩ ላይ አንሣላቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ፀሐዩ መታቸው መሰል። እኔ እኮ ከጥላው ይግቡ ብዬ ነበር።

ቀስ ይበሉ የኔ እመቤት፣ ሣሩ ያዳልጣል። ከክንዱ ጋር ስለ መብራቱ ስንጨዋወት ነበር፣ ምን ያህል እንዳሰቡበት እየነገርሁት። የሚጠይቅዎት አንድ ነገር አለው፣ አሁን ግን ደክመዋል፣ ይረፉ፣ በኋላ ይጠይቅዎታል። እኔም እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ አመስግኜዎ አላውቅምና እዚሁ ልመርቅዎት። አንተም አሜን በል ክንዱ። ከሩቅ ደክመው መጥተው ቤታችንን እንዳበሩልን ቤትዎ አይጨልም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ክፉ አይንካዎ። እርስዎ በልጅነቷ እንዳልተለዩዋት፣ እሷም በእርጅናዎ አትለይዎት።