ደብር የሚጻፍበት ቦታ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚገባው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ወጣትና ባልደረባዋ ስለሚሠሩት የበዓል ማስታወሻ አፕ ይከራከራሉ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከየአገሩ ሰው በነጻ ይሠራበታል።

«አብረውን የሚሠሩት ሴቲንጉ በዛ እያሉ ነው» አላት። «ሰው ደብሩን የሚጽፍበት ቦታ ይጥፋና ለሁሉም አንድ ዓይነት በዓል ይሁን ይላሉ።»

«አርባ አራት ታቦት ላለበት ከተማ?»

«ምነው ትቆጪያለሽ? እውነታቸውን እኮ ነው። ሴቲንግ በጨመርሽ ቁጥር የሚበላሸው ይበዛል።»

«ሲበላሽ እኔ እጠግነዋለሁ።»

«ደግሞስ ማን ይነካዋል? አባትሽ ሴቲንግ ከፍተው ያውቃሉ?»

«አንዴ ከፍቷል። እንፍራንዝ ያለውን የትውልድ ደብሩን ጻፈበት። የንግሡ ዕለት ስልኩ ሲጮህ ጋቢውን ደርቦ ማኪና ፍለጋ ወጣ።»

«እምቢ ካሉሽስ?»

«ኮዱን ገልብጬ የራሴን አወጣለሁ። ክፍት ነው ያሉት እነሱ ናቸው።»

«ብቻሽን?»

«አንተ ካልመጣህ ብቻዬን።»

ፒያሳ እስክንደርስ፣ እኔ የተወለድሁበት ደብር ንግሥ መቼ እንደሚውል ለማስታወስ ስታገል ነበር።