የእማማ ማክሱን ክዳን

በጸደይ አንድ ማለዳ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሜዳ በሆነበት ሰዓት፣ ከመንደራችን ዳር ባለው የባሕር ግድብ ላይ ስሸራሸር ከታይሁ ጋር ድንገት ተገናኘን። ታይሁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ የባሕር እንስሳትን አጥንቶ ያን ጊዜ ወደ መንደራችን ከተመለሰ ገና ወሩ ነበር። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከታች የድስት ክዳን ድብደባ ጆሯችንን አደነቆረው። እማማ ማክሱን ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ለገበያ ከሚለቅሙበት ጭቃ ላይ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ ወፎችን እያባረሩ ነበር።

እማማ ከዚያ ቦታ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ቦታው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየደኸየ ሄዷል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለእሳቸው ጥያቄ አልነበረም።

“እማማ፣ እንደምን አደሩ? ወፎቹ ምን አደረጉዎት?” አለ ታይሁ፣ ወደ ጭቃው ወርደን አጠገባቸው ስንደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳ።

“ምን አደረጉዎት ይለኛል! ዛጎሌን ጨረሱት። ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ይኼን ለመጠየቅ ነው?”

“መንገደኞች ናቸው እኮ። ከአውስትራሊያ በርረው እዚህ ሲደርሱ አጥንታቸው ነው የሚቀረው። ገና ወደ ሰሜን ሄደው ጫጩት ሊፈለፍሉ ነው። ሌላው ዳርቻ ባሕሩ ተገድቦ፣ ጭቃው ደርቆ እርሻና ፋብሪካ ሆኗል። ከዚህ ሳይጠግቡ ከተባረሩ የት ይደርሳሉ?”

“እኔ ሆቴል አልከፈትኩም!”

ሳቄ አመለጠኝ። እማማ ገላመጡኝ።

“መምህርም ይስቃሉ!”

ታይሁ ግን አልተበገረም። “እሺ፣ ጭቃውን በስቶ በስቶ ወንፊት ያደረገውስ ማነው?”

“እሱማ የጭቃ ሽሪምፕ የሚሉት ባለ ብዙ እግር ተባይ ነው፣ ዘሩ ይጥፋ! እየቆፈረ ዛጎሉን መቀመጫ አሳጣው። ጥልቅ ገብቶ እጄም መቆፈሪያዬም አይደርሱበትም።”

“የእነዚህ ምንቃር ይደርስበታል። ትንሽ ዛጎል አይቀምሱም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን የሚወዱት እሱን ነው። ባሕሩ እስኪመለስ ክዳኑን ያስቀምጡልኝ። ከተሳሳትኩ እኔ ራሴ እየደበደብኩ አባርርልዎታለሁ።”

እማማ ትንሽ አመነቱና ክዳኑን ጭቃው ላይ ደፍተው ተቀመጡበት። “አምኜህ እንዳይመስልህ፤ እግሬ ደክሞኝ ነው” አሉ።

ወፎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። አንዷ ከፊታችን ቆማ ምንቃሯን እስከ ዓይኗ ድረስ ቀዳዳ ውስጥ ሰደደች፤ ታግላ ታግላም የሚወራጭ ሽሪምፕ መዘዘች። እማማ ብድግ አሉ።

“ጎትቺው! እሰይ የኔ ልጅ፣ ዋጪው!”

መንጋው በሙሉ በርግጎ ተነሳ።

“ደግሞ ምን ሆነው ሄዱ?”

“እርስዎ ጮኹባቸው” አለ ታይሁ።

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ያን ቀን ክዳኑ ዳግመኛ አልተመታም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስንት ዘመን ረዳታችንን በድስት ክዳን ስናባርር እንደኖርን ፍረድ! እኔም ሳስተምር ኖሬ ይህን አንድ ቀንም አስቤው አላውቅም። ዛሬ መንደሩ በሙሉ ወፎቹን ይተዋቸዋል። የጭቃው ቀዳዳ ቀንሷል፣ የእማማ ቅርጫት ከብዷል፣ ወፎቹም ጠግበው ወደ ሰሜን ይነሳሉ። ጭቃውን ሳያደርቅ የጠበቀ መንደር ራሱንም መንገደኛውንም ይመግባል፤ ይህን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግድቡ ላይ ቆሜ ሳለሁ አስነጠሰኝ። እማማ ማክሱን ከግድቡ ሥር ሆነው ሊያባርሩኝ ይመስል ክዳኑን ወደ እኔ አነሱት።

“መምህር፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!” አሉኝ በሹክሹክታ። “እንግዶቼ እየበሉ ነው።”