ዋሻ ውስጥ የተውኳት ልጅ

ሰባተኛ ሰፈር አንድ ሱቅ ገብቼ የእጅ ባትሪ ስጪኝ ስላት፣ ሻጯ ድምፄን ሰምታ ቀና አለች። «ሬዲዮ ላይ ስለ ሳይንስ የሚያወሩት እርስዎ ነዎት አይደል ጋሼ? የልጆች መጽሐፍም ጽፈዋል።» ደስ አለኝ፤ ያቺን ልብ ወለድ የሚያስታውስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። «ታዲያ ልጅቷን ዋሻ ውስጥ ባትሪዋ ጠፍቶባት፣ ‹በክፍል ሁለት ይቀጥላል› ብለው ጥለዋት ሄዱ!» አለችኝ። ሳቅኩ። እንዴት እንደማወጣት ጠፍቶኝ ነው የተውኩት አልኳት፤ እውነቴን ነው።

«እኔ አውጥቻታለሁ» አለች። «ሲመሽ የሌሊት ወፎች ከዋሻ ተግተልትለው እንደሚወጡ እርስዎ በሬዲዮ ተናግረው የለ? የክንፋቸውን ድምፅ ተከትላ ወጣች።» ክው አልኩ። በገዛ አፌ የተናገርኩትን! «ግን ለታናሽ እህቴ ብነግራት አልሰማም አለች። ታማ ተኝታ ነበር። ‹ይሄ ያንቺ ፈጠራ ነው፤ እኔ የእሳቸውን ነው የምጠብቀው› አለችኝ።»

«አሁንስ ተሻላት?» አልኩ። ምነው ባልጠየቅኩ!

«እየጠበቀች አረፈች፣ ጋሼ።» ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም። ባትሪውን አብርታ ሞከረችና «ይሠራል» ብላ ሰጠችኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳላጠፋው ይዤው ወጣሁ።