ለቁም ሰው የሚደርስ እድር

(እሑድ ጠዋት፣ ወርኃዊው ስብሰባ ሊጀመር ሲል፤ በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የእድር ዕቃ ቤት ውስጥ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ወይንሸት ድንኳን ታጥፋለች፤ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛው የጤና ተቆጣጣሪ አቶ ላቀው በሩን ተደግፈው ቆመዋል።)

ወይንሸት፦ እድር ለታመመ ይድረስ? ጋሽ ላቀው፣ ይህን ስብሰባ ላይ ቢያነሡት "ሟርተኛ" ተብለው ነው የሚወጡት።

ላቀው፦ ይበሉኝ። አንቺ ብቻ አጀንዳው ውስጥ አስገቢልኝ።

ወይንሸት፦ የዛሬው አጀንዳ የኅዳር ጽዳት ነው። ቆሻሻው ይጠረጋል፣ ይቃጠላል፣ ሰፈር ይታጠናል፤ አበቃ። የኅዳር በሽታን ለማስታወስ ይህ አይበቃም?

ላቀው፦ ጭሱን ይዘን ቁም ነገሩን ጣልን፣ ልጄ። ያኔ ሰው ያለቀው በትኩሳቱ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ እንዳለ ባንድ ጊዜ ይወድቅና ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። እንስራው ውሃ እንደ ሞላ ጥግ ላይ ቆሞ ሰው መኝታው ላይ በጥም ይሞታል።

ወይንሸት፦ እርስዎ የት ሆነው አዩት?

ላቀው፦ አባቴ ላይ የደረሰ ነዋ! ሕፃን ሳለ ከሞተች እናቱ ጎን ተገኘ። ያገኘችው ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ወጥታ ከየጣራው የሚወጣውን ጭስ ትቃኝ ነበር አሉ። የነሱ ጣራ መጨሱን ሲተው መጣች።

ወይንሸት፦ ነፍሷን ይማረው። ዛሬ ታዲያ ማን ጣራ ያያል? ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው የሚያበስለው።

ላቀው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ! ዛሬ ሰው የወደቀበትም ያልወደቀበትም ቤት ከውጭ አንድ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሁሉ ሁለት ጎረቤት ይመደብ። ጠዋት በስሙ ይጥሩት። አሞኛል ካለ ውሃና አጥሚት በሩ ላይ አኑረው ይመለሱ። ካልመለሰ አንዱ አፍንጫውን ሸፍኖ ይግባ።

ወይንሸት፦ ሁለት ለምን?

ላቀው፦ አንዱ ሲታመምስ?

ወይንሸት፦ ኧረ ይተዉ! ደጅ ቆሞ መመለስማ ነውር ነው። በሽተኛ የሚጠየቀው ተገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ተጨዋውቶ ነው።

ላቀው፦ ሰብሰብ ብለው ይገባሉ፣ አልጋውን ከበው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ በሽታውን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለው ይሄዳሉ።

ወይንሸት፦ አንደበትዎ! ለነገሩ አሁን በሽታ የለ፣ ምን የለ። ሲመጣ እንመድባለና።

ላቀው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲመጣማ መዳቢዋ ራስሽ ከአልጋ አትነሺም።

ወይንሸት፦ ምላስዎ ደኅና ነው፤ ድምፅዎ ግን ሻክሯል። ኮቱም ሰፍቶብዎታል። ቆይ፣ የአቶ ዘርጋው ቀብር ላይ ለምን ቀሩ? ስምዎ ሲጠራ "የሉም" ተባለ።

ላቀው፦ ከዚያስ?

ወይንሸት፦ ከዚያማ ወደሚቀጥለው ስም አለፍን።

ላቀው፦ አለፋችሁ።

ወይንሸት፦ ምን እናድርግ? ቀብር ቀርተው ስለማያውቁ፣ "ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሄደው ነው" አልን።

ላቀው፦ ጥሩምባው ሲነፋ ሰምቻለሁ። ኮቴን ልለብስ ብዬ ተነሣሁ። ከወለሉ አላለፍኩም።

ወይንሸት፦ ወደቁ? ማን ነበር አጠገብዎ?

ላቀው፦ ሬዲዮ። እሱም ባትሪ ጨረሰ።

ወይንሸት፦ በቀልድ አይሸፋፍኑት!

ላቀው፦ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ምን በልቼ! ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ይታየኛል፤ እጄ ግን አይደርስም። ቀባሪው በመስኮቴ ሥር ሲመለስ ሰማሁ። ያንቺን ድምፅ ለየሁት፤ ወጡ ጨው በዛበት ትያለሽ።

ወይንሸት፦ እግዚኦ! ምነው አልተጣሩ?

ላቀው፦ ተጣራሁ። ድምፅ አልወጣኝም። ያን ጊዜ ምን ገባኝ መሰለሽ? ብሞት እድሩ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ድንኳኑ አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ ቆፋሪው አለ። ሰው ያጣሁት ስላልሞትኩ ነው።

ወይንሸት፦ ይህን ይንገሯቸው። ልክ እንደዚህ አድርገው።

ላቀው፦ አልናገርም።

ወይንሸት፦ ለምን ሲባል?

ላቀው፦ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ንጽሕና ስቆጣጠር ኖሬ፣ በሰው ፊት ቆሜ "ውሃ የሚያቀብለኝ አጣሁ" ልበል? ልጄስ ቢሰማ? ቤቴን ዘግቶ ይዞኝ ነው የሚሄደው። አንቺ "አንድ ሰው እንዲህ ሆነ" ብለሽ አቅርቢው።

ወይንሸት፦ ለ"አንድ ሰው" ማንም እጁን አያወጣም። "ማነው?" ይሉኛል፤ ዝም ስል "ወሬ ነው" ብለው ስለ መጥረጊያና ስለ ክብሪት ያወራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ።

ላቀው፦ የደበቀ አልሽ? እኔ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ራሴው ተነሥቼ ድኛለሁ እኮ።

ወይንሸት፦ እርስዎ ድነዋል። እትዬ አስካለስ? ከእርስዎ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ብቻቸውን ነው ያሉት። ጆሯቸውም አይሰማም።

ላቀው፦ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ታስላለች። በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

ወይንሸት፦ ታዲያ እሳቸው ተነሥተው ይናገራሉ ብለው ነው?

ላቀው፦ አስካለ? ሞታ ነው የምትናገረው!

ወይንሸት፦ ሰው መግባት ጀምሯል፣ ጋሼ። ማንን ብዬ ላቅርበው?

ላቀው፦ ላቀው ነው በያቸው። ... አይ፣ ተዪው። እኔው ቆሜ እናገራለሁ።