ሳንቃው ላይ መተንፈስ

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። በከተማዋ በስፖርት መምህርነት የተመደብሁት እኔ ከቀብር ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ማንጎ ዛፍ ሥር ገባሁ። ቀድመውኝ ተጠልለው ያገኘኋቸው የጫኝና አውራጆች አለቃ ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ሁለታችንም የቀበርነው አንድ ሰው፣ ጫኙን ሙርሳልን ነበር። ኩንታል ማሽላ ተሸክሞ ወደ መጋዘን በተዘረጋው ሳንቃ ሲወጣ መሐል ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ።

«ከሞቱ አሟሟቱ!» አሉኝ። «ያ ሁሉ ጉልበት የት ሄደ?»

«ጉልበቱስ አላነሰም ነበር፤ ያነሰው ትንፋሹ ነው» አልኋቸው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያ ሕጋችሁ ግን ደግ አይመስለኝም።»

ሕጉን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ጫኝ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ትንፋሹን ቆልፎ መድረስ አለበት፤ ሳንቃው ላይ የተነፈሰ «አሮጊት» እየተባለ ይከርማል። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ይባስ ብሎ ሰኞ በሙርሳል ቦታ የሚገባው ልጃቸው ደባልቄ ነበር።

«ልጁን ሦስት ወር ይስጡኝ፤ ከክብደት ማንሳት ጋር ሩጫ ላስለምደው» አልኋቸው።

«ሩጫ? መምህር፣ ሩጫ እኮ የበሉትን ያስወጣል! ሯጮቹን አያዩም፣ ሸንበቆ መስለው? ልጄን ያወፈርሁት እንዲቀልጥ ነው እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ ይሩጥ አላልሁም። በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ያንሳ፤ ሲያነሳ አየሩን ያስወጣ። በሌላ ሁለት ቀን ደግሞ አንድ ደቂቃ በኃይል ይሩጥ፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ይህንኑ ስድስት ጊዜ ይመላለስበት። ከዚያ ባቄላውንና እንቁላሉን በልቶ ይረፍ። ሥጋ የሚያልቀው ሳይበሉና ሳያርፉ ሲለፉ ነው። ሸክሙን ጡንቻ ቢያነሳው፣ የሚያደርሰው ልብና ሳንባ ነው።»

«አባቶቻችን ሳይሮጡ ተሸክመው ኖረዋል።»

«ስንቶቹ ሸመገሉ?»

አፌን ምን አስቸኮለው ብዬ ራሴን ወቀስሁ፤ የሟቹ አፈር ገና እርጥብ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ዞረው፣

«ሙርሳል መሐል ላይ ቆሞ ነበር» አሉ። «ፊቱ ጠቁሮ ‹አለቃ› አለኝ። እኔ ‹አትተንፍስ፣ ደርሰሃል!› አልሁት። መጨረሻ የሰማው ይህን ነው፣ መምህር።»

ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ አጠገባቸው ቆምሁ። ሲለዩኝ ግን፣ «ልጁን ነገ ይውሰዱት» አሉኝ።

በሦስት ወር ደባልቄ ጭራሽ አልከሳም። ትከሻው ሰፋ፣ የሚያነሳው ክብደት ጨመረ፤ ቀድሞ አንድ ዳገት የሚያስቆመው ልጅ ስድስቱን ዙር ጨርሶ ያወራ ጀመር። ጉልበትና ትንፋሽ አንድ ላይ ሲለመዱ አንዱ ሌላውን እንደማይበላው፣ የሠራ ሰውም ሸክሙን አድርሶ በጤና ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ጫኞቹ በዓይናቸው አዩ። አራቱ ከእኛ ጋር መሮጥ ጀመሩ።

ደባልቄ ሥራ የጀመረ ዕለት ሳንቃው መሐል ላይ ቆመና ድምፁ እስኪሰማ ተነፈሰ። አንዱ ጫኝ ሳቀ።

«ዝም በል!» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «አንተም ተንፍስ! ሁላችሁም ተንፍሱ!»

ጭነቱ እስኪያልቅ፣ ለወጣው ሁሉ «ተንፍስ!» እያሉ ጮኹ። ሰዎቹ ወርደው ሳንቃው ባዶውን ከቀረ በኋላም፣ ሙርሳል የቆመበትን ቦታ እያዩ አንድ ጊዜ ጮኸዋል።