ለባላጋራ የተመታ ከበሮ

(ድሬዳዋ፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኞቹ ተጫዋቾቻቸውን ሰብስበዋል። የከተማው ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ፈትለወርቅና የማኅበሩ ከበሮ መቺ ነስሩ አንድ ከበሮ ይጓተታሉ።)

ፈትለወርቅ፦ ያቺን ነጥብ ያገባው ጉሌድ አይደለም፤ አንተ ነህ። ከበሮውን አምጣ።

ነስሩ፦ እኔ ኳስ ነካሁ? ማንገቻውን ልቀቂ፣ ይበጠሳል።

ፈትለወርቅ፦ ይበጠስ። ሕዝቡ ሁሉ እያፏጨ ጉሌድ የመጀመሪያዋን ነፃ ውርወራ ሳተ። ሁለተኛዋን ሊወረውር ኳሷን ሲያነጥር፣ አንተ ብድግ ብለህ ድም፣ ድም አደረግህለት። በእኛ ከበሮ፣ ለአዲስ አበባ ቡድን ተጫዋች። ገባች።

ነስሩ፦ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ኮሌጅ ሳለን እሱ ኳስ ባነጠረ ቁጥር ስመታለት ኖሬ የለ? ሲያነጥር አየሁት፣ እጄ ቀደመኝ።

ፈትለወርቅ፦ አመል ያወጣል ከመሃል። እኔ ሳላወጣህ ስጠኝ። ዛሬ ከተሸነፍን ከሊጉ መውረዳችን ነው። ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ይህን ልጅ ከአዲስ አበባ ይዘውት መጥተው ነው ወይ አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ነስሩ፦ የጉሌድ ኮሌጅ ጓደኛ ነው በያቸው።

ፈትለወርቅ፦ ጓደኛ። ጓደኛህ ስልክህን አንስቶ ያውቃል? ባለፈው ሳምንት እኛ እዚህ ስንጫወት አንተ የእሱን ጨዋታ በስልክህ ስታይ ነበር። እኛ ነጥብ ተቆጥሮብን አንገታችንን ስንደፋ፣ አንተ መሃላችን ተነስተህ አጨበጨብህ። ያን ቀን ማኅበሩ ሊያባርርህ ነበር፤ ለምኜ ነው ያስቀረሁህ።

ነስሩ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሜዳ ላይ ካሉት የእኛ አምስት ልጆች የድሬን ፀሐይ የሚያውቃት የትኛው ነው? ሁሉም ዘንድሮ የመጡ ናቸው፣ ከርሞ የት እንደሚሄዱ አይታወቅም። አንዱማ የገንደቆሬን ሰፈር የተጫዋች ስም መስሎት ስንት ቁጥር ነው የሚለብሰው ብሎ ጠይቆኛል። ጉሌድ ግን እጃችን ላይ ያደገ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ሰው ያልፋል፣ ማሊያ ይቀራል። እኔ የምደግፈው ማሊያውን ነው።

ነስሩ፦ ማሊያ ላብ የለውም ፈትሌ። ጉሌድ መጀመሪያ ኮሌጅ ሲመጣ ትዝ ይልሻል? ቁመቱ ደጃፍ አያስገባው፣ እጁ ግን ነፃ ውርወራ ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ሰዉ ይስቅበታል። አንድ ቀን ኳሷን ሲያነጥር አብሬ መታሁ፣ እጁ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለ እኔ ምት ወርውሮ አያውቅም ነበር። ያ ምት የእሱ ነው። የማኅበሩ አይደለም።

ፈትለወርቅ፦ አሁንማ ሌላ ከበሮ አገኘ።

ነስሩ፦ አላገኘም። ከሄደ ጀምሮ ግማሹን ይስታል። ጋዜጠኞቹ ክርኑን አመመው ይላሉ። እኔ ነኝ የማውቀው ምን እንዳመመው።

ፈትለወርቅ፦ አቦ ተወኝ። ሐኪሙ አንተ ነህ በለኛ።

ነስሩ፦ ይልቅ ከቦርሳሽ ብቅ ያለው አረንጓዴ ሻርፕ ምንድን ነው? የኮሌጃችን አይደለም?

ፈትለወርቅ፦ ለብርድ የያዝኩት ነው።

ነስሩ፦ በድሬ? በሚያዝያ?

ፈትለወርቅ፦ ጉንፋን ይዞኛል።

ነስሩ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፈትለወርቅ፦ ስማ፣ እኔን አታስቀኝም። የሄደ ቀን ኮሌጁ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆመን ስንዘፍንለት አልነበረም? ድምፄ እስኪዘጋ ነው የዘፈንኩት። የአዲስ አበባው ክለብ መኪና መጣ፣ ገባ፣ አንገቱን ደፋ፣ ሄደ። እጁን እንኳ አላወዛወዘም። አንዲት ጊዜ ቀና ብሎ ቢያየን ኖሮ ዛሬ ይህን ከበሮ አልነካብህም ነበር።

ነስሩ፦ አልቅሶ ይሆናላ።

ፈትለወርቅ፦ ምክንያት አትፈልግለት። ከራስ በላይ ነፋስ ብሎ ሄደ፣ በቃ። አንተን ዛሬ ደረትህ ላይ ስምህን ጽፈህ ብትቆምለት አይለይህም። አጥፊና ጠፊ ሳንሆን ከበሮውን ስጠኝ።

ነስሩ፦ እንቺ። ግን ድሬን አልወድም ብለሽ እንዳታሚኝ። ሁለቱንም ነው የምወደው።

ፈትለወርቅ፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ተቀመጥ፣ ጀመሩ።

ነስሩ፦ በአንድ ነጥብ እየመራን ነው፣ ኳሷን ዝም ብለው ቢይዟት ምን አለ?

ፈትለወርቅ፦ ያዙ፣ ያዙ… ተቀሙ። ጉሌድ ይዞ ገባ። ኧረ አትጎትተው አንተ!

ነስሩ፦ ጎተተው። ጥፋት ነው።

ፈትለወርቅ፦ ዳኛው ታውሯል? ምኑ ነው ጥፋቱ?

ነስሩ፦ ከጀርባ ማሊያውን ይዞት ፈትሌ፣ አንቺም አይተሻል። ሁለት ነፃ ውርወራ።

ፈትለወርቅ፦ ሁለቱን ካገባ አለቀልን። እናንተ ሰዎች፣ ምን ትጠብቃላችሁ፣ አፏጩ እንጂ። ጣሪያው ይነቀል።

ነስሩ፦ ኳሷን ተቀበለ። አያነጥራትም።

ፈትለወርቅ፦ ፈራ። እሰይ።

ነስሩ፦ አልፈራም። ዓይኑን እይው።

ፈትለወርቅ፦ የሰዓት ሰሌዳውን እያየ ነው።

ነስሩ፦ ሰሌዳው በወዲያ በኩል ነው።

ፈትለወርቅ፦ ወደዚህ ነው የሚያየው። ከረድፍ ረድፍ እየፈለገ… ዓይኑ ከበሮው ላይ ቆመ። እኔን አየኝ። ነስሩ፣ እኔን አየኝ።

ነስሩ፦ አይቶሻል። ዳኛውም በጣቱ እየቆጠረበት ነው። አምስት ሰከንድ ሳይወረውር ከቆየ ውርወራው ያልፍበታል። ይለፍበት፣ እኛ እንተርፋለን። ከበሮው እንደሆነ አንቺ ጋ ነው።

ፈትለወርቅ፦ እንካ። አፍህን ከፍተህ ምን ታየኛለህ፣ ሳያልፍበት ምታለት።