ሙሉ ማርክ የሰጠሁት ተማሪ

እንዲህ ያለ አክብሮት አይግጠማችሁ። ናይሮቢ መሃል ከተማ ለስደተኛ ወረቀት ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ ጎልማሳ ዞሮ አየኝና እጅ ነሳኝ። አዲስ አበባ ስለ ወንጀል መንስኤ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«መምህር፣ ተራዬን ይውሰዱ» አለኝ። «ወንጀለኛን የሚፈጥረው መደቡ ነው ያሉንን አልረሳሁም። በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኜ የሠራሁት በእሱ ነው። የምንጠይቀው ሰውየው ምን አደረገ ብለን ሳይሆን፣ አባቱ ስንት ጋሻ መሬት ነበረው ብለን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«መምህር ደግሞ! ከወሰድናቸው የተመለሰ አለ እንዴ?»

እኔ እኮ እንደዚያ ያስተማርኩት ለታሰሩ ድሆች እንዲታዘን ብዬ ነበር። ይህንን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ፈተና ላይ «ሰው የሚጠየቀው በሥራው ሳይሆን በመደቡ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ሙሉ ማርክ የሰጠሁት እኔው ነኝ። አቀርቅሬ ተራውን ወሰድኩ።